ወደ ጊምቢ፣ ለአንዲት ቀይ ሰዓት

ከወለጋ ስመለስ ጎረቤቶቼ ማር ይዛ ትመጣለች ብለው በር ላይ ጠበቁኝ። ማርም ቅቤም አልያዝኩም ነበር። በቦርሳዬ ውስጥ የነበረው አንድ የተቃጠለ የመብራት ፍሬ ነው፤ መጠኑ ከሽንብራ አይበልጥም። «ስድስት ቀን የጠፋሽው ለዚህ ነው?» አለችኝ አንዷ፣ በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ወደ ብርሃን እያነሳች። ያን ዕለት ደክሞኝ ስለነበር ፍሬዋን ተቀብያት ገባሁ። አሁን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እኔ በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ስምንት ቁጥርን አስተካክዬ ለመጻፍ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ አንድ ቀን ከውጭ አገር በመጣ ካልኩሌተር ላይ ስምንት ቁጥር ያለ እጅ፣ ያለ ቀለም፣ በራሱ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ሳይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ የሚበሩ ቁጥሮችንና ጥቃቅን ቀይ መብራቶችን እሰበስባለሁ። አምፖል አይደሉም፤ ውስጣቸው የሚግል ክር የለም። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ጠጠር መሰል ነገር ናት፤ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ሳትሞቅ ትበራለች። ለምን እንደምትበራ መጽሐፍ አንብቤ አውቃለሁ። ማወቄ መደነቄን አልቀነሰልኝም።

ሳጥኔ ሃያ አራት ክፍል አለው። በየክፍሉ ወረቀት ተለጥፏል፦ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደተገኘ፣ ይብራ አይብራ። አሥራ ስምንተኛው ባዶ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ቀድሞ ተጽፏል፦ «የእጅ ሰዓት፣ ቀይ ቁጥር፣ ጊምቢ»። ሳላገኝ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ያጻፈኝ ከድር ነው።

ከድር ነቀምቴ የሚኖር የጉራጌ አገር ሰው፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። የተዋወቅነው ምን አለሽ ተራ፣ አንድ የሞተ ካልኩሌተር ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ጨብጠን ነው። እኔ አልለቀቅኩም፤ እሱ ሳቀና ለቀቀ። ባለፈው ክረምት ማብቂያ በሹፌር እጅ ደብዳቤ ላከልኝ። «ጊምቢ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሲጫኗት ቀይ ቁጥር የምታሳይ የእጅ ሰዓት አለች። ማዕድን ፈላጊዎቹ ፈረንጆች ሲሄዱ ለሹፌራቸው የሰጡት ነው። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው። ላበራት ሰው እሰጣለሁ ብለዋል። ቶሎ ነይ።» ለምን ቶሎ እንደሆነ አልጻፈም።

ሰኞ

የይለፍ ወረቀቴን ያገኘሁት በሦስተኛው ምልልስ ነበር። የቀበሌያችን ጸሐፊ «የጉዞው ምክንያት» ከሚለው ላይ ብዕሩን አቁሞ «ምን ልበል?» አለኝ። «የእጅ ሰዓት ለማየት» አልኩት። የራሱን ሰዓት አየ፤ እኔን አየ። ከዚያ «ዘመድ ጥየቃ» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት። ወለጋ ውስጥ አንድም ዘመድ የለኝም። ውሸት ማኅተም ሲያርፍበት ማየት ይከብደኛል፤ ቢሆንም ወረቀቱን ተቀበልኩ።

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሳ። ጉደርን ካለፍን በኋላ አስፋልቱ ቀርቶ ጠጠር ሆነ። አገሩ በሄድን ቁጥር ይለመልማል። እኛ ሰፈር አንድ ባሕር ዛፍ ለሦስት ቤት ጥላ ይሆናል፤ እዚህ ዛፉ ራሱ በሌላ ዛፍ ጥላ ሥር ነው የቆመው። ጌዶ አካባቢ ጎማ ፈነዳና ወረድን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ከዘንቢላቸው ጩኮ አውጥተው፣ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው፣ «ኛዱ፣ ኛዱ» እያሉ በእጄ አስያዙኝ። ብዪ ማለታቸው ነው። ጠግቤያለሁ ብል ኦሮምኛ እንደማልሰማ ቆጥረው ጨመሩልኝ።

ባኮ ስንቃረብ ኬላ ላይ ፍተሻ ሆነ። ጠባቂው ሳጥኔን ከፈተ።

«ይሄ ምንድነው?»

«መብራት ነው።»

«የምን መብራት? መገናኛ ሬዲዮ እንዳይሆን!»

«አይናገርም፣ አይሰማም። ይበራል ብቻ።»

«እስቲ አብሪው።»

የትምህርት ቤታችን የኤሌክትሪክ መምህር በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከባትሪዋ ጋር ያሰናዳልኝ አንዲት ቀይ ፍሬ አለች። አበራኋት። ጠባቂው ጣቱን አቀረበ፣ መለሰ፣ እንደገና አቀረበና ነካት። ፊቱ ተለወጠ። «ኑ እዩ!» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። «የማያቃጥል እሳት!» አምስት ሰው ተራ በተራ ነካት። ሹፌራችን በመስኮት «ጓዶች፣ መንገድ ላይ ሊያድር ነው ሕዝቡ!» ብሎ ጮኸ። ጠባቂው ቀፎዋን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«ስትመለሺ በዚህ ነይ፣ እህት።»

«በየት ትሂድልህ? ሌላ መንገድ አለ?» አለ ሹፌሩ።

ነቀምቴ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ያደርኩበት ቤት ባለቤት እግሬን የምታጠብበት ሙቅ ውሃ ሳልጠይቅ አምጥተው፣ ከየት እንደመጣሁ ሳይሆን እናቴ በሕይወት መኖሯን ጠየቁኝ። አለች ስላቸው ደስ አላቸው።

ማክሰኞ

የከድር ሱቅ ባኬ ጃማ በሚሉት ሰፈር ነው። ደንበኞቹ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ እሱም በመጡበት ይመልሳል። በቆርቆሮው ጣሪያ ጠርዝ ላይ ያለቁ የሬዲዮ ድንጋዮች እንደ በርበሬ ተሰጥተዋል።

«ፀሐይ ሲያገኙ ይነሳሉ» አለኝ። «ለሁለት ቀን ዜና ያሰማሉ።»

«ያለቀ ባትሪ አልቋል» አልኩት። መጽሐፉ እንደዚያ ነው የሚለው።

«ይሁንልሽ፣ መምህርት።» መምህር አለመሆኔን ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ከዚያ ከአንድ የዓይን ቅባት ቆርቆሮ ውስጥ ጥጥ ፈልቅቆ አንድ ፍሬ አወጣ። እግሮቿ ወርቅማ፣ አንገቷ ብረት፣ አናቷ ላይ ክብ የመስታወት መስኮት ያላት ናት። እንዲህ ያለችውን በሥዕል እንጂ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ መጀመሪያ ከተሠሩት ወገን ናት። «ላንቺ ነው ያስቀመጥኳት» አለ። ከጣሪያው ሁለት ድንጋይ ሊያወርድ ሲነሳ ከለከልኩት። እንዲህ ያለች ፍሬ በትርፍራፊ አትፈተንም ብዬ፣ ከመደርደሪያው አራት አዲስ ድንጋይ አስወርጄ፣ ሽቦውን ራሴ አስነካሁ።

ቀይ ሆነች። ብርቱካን ሆነች። ቢጫ ሆነች። ይህ ሁሉ አንዲት ትንፋሽ አልሞላም። ከዚያ ጠፋች፤ ትንሽ የተቃጠለ ነገር ሸተተን።

እዚያው ቆሜ ገጹ ትዝ አለኝ፤ የመጽሐፉ ገጽ፣ የቀኝ እጁ ጎን። በመንገዷ ላይ ኃይሉን የሚገታ ነገር ካልተደረገ ትቃጠላለች ይላል። ትምህርት ቤት ግን መግቻው የሚገኘው የኤሌክትሪክ መምህሩ በሠራው መሞከሪያ ሣጥን ውስጥ ነው። ለዓመታት ስነካካው ኖሬ ውስጡ ምን እንዳለ ረስቼ ነበር።

ከድር ፍሬዋን አንስቶ አየና «በላሻት!» ብሎ ሳቀ። የኔ ዓይን እንባ ሲያቀርር አይቶ ሳቁን ዋጠ። «አዲስ ድንጋይ ጥጋበኛ ነው፣ መምህርት። የኔዎቹ ሽማግሌዎች ረጋ ብለው ነው የሚሰጡት። እኔ መፈተሻ የማደርገው እነሱን ነው።» ትክክል ነበር። ያረጀ ባትሪ መግቻው በራሱ ሆድ ውስጥ ነው፤ ይህም መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ሌላ ምዕራፍ ስለሆነ ከጣሪያው ጋር አላገናኘሁትም ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የተማርኩትን ሰውየው በርበሬ በሚሰጣበት ቦታ አስጥቶታል።

ሚስቱ ቆጮና ጎመን አቀረበችልን። ከድር እየበላ፣ ቶሎ ነይ ያለበትን ምክንያት ነገረኝ። የሰዓቷ ባለቤት ኦቦ ጉተማ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኗቸዋል። የከተማው ድሬሰር ለባለቤታቸው ለአዴ ሎሚ «ብርሃን የሚለዩ ከሆነ አዲስ አበባ ይውሰዷቸው፣ ሞራው ይነሳል። ብርሃን ካልለዩ ግን አይልፉ» ብሏቸዋል። በእጅ ባትሪ ሊፈትናቸው ሲል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አዴ ሎሚ ሁለት ዓመት ለመኗቸው። በመጨረሻ ሽማግሌው «ያቺ ቀይ ሰዓቴ በርታ ካየኋት እሄዳለሁ» ብለው ቁርጡን ነገሯቸው።

«የሞተች ሰዓት ነዋ!» አለ ከድር። «እንደማትበራ ስለሚያውቁ ነው። የሚፈሩት ሐኪሙን አይደለም፤ አይታይህም መባልን ነው።»

«እንግዲያው የጻፍክልኝ ለሳጥኔ ብለህ አይደለም።»

«ለሳጥንሽም ነው።» ጎመኑን ወደኔ ገፋው። «ብዪ።»

መብላት አልቻልኩም። ሰዓቷን እንደዚያች ፍሬ ባቃጥላት ሰውየው ቃላቸው ተፈቶላቸው እንደጨለመባቸው ይቀራሉ።

ረቡዕ

ከድር ሱቁን ዘጋ። ጎረቤቶቹ «የከድር ሱቅ ተዘጋ? ማን ሞተ?» እያሉ ሲጠይቁ አውቶቡስ ተሳፈርን። የሞቁትን ድንጋዮች በፎጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዟቸዋል። ወደ ደዴሳ ስንወርድ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ጋለ፤ ድልድዩን አልፈን አቀበቱን ስንጀምር የአውቶቡሱ ውሃ ፈላ። ተሳፋሪው ሁሉ ያለውን ኮዳ ለሞተሩ አዋጣ። የኔን ስሰጥ ረዳቱ «መጠጫሽን አስቀሪ» ብሎ ግማሹን መለሰልኝ። ከሰዓት በኋላ ጊምቢ ገባን።

አዴ ሎሚ ደጃፍ ድረስ ወጥተው «ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ ኮቱ ያ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ነይ ልጄ። ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናቸው። ባላቸውን በበኩር ልጃቸው ስም «አባ ቶለሳ» እያሉ ነው የሚጠሩት። ያቀረቡልን አንጮቴ ነበር፤ ተቀቅሎ በቅቤና በቅመም የተለወሰ ሥር ነው። ከእኛ ድንች ጋር ላመሳስለው ሞክሬ ተውኩት፤ ድንች እንዲህ አያጠግብም።

ኦቦ ጉተማ ከመደቡ ላይ አንገታቸውን ወደ ድምፄ አዘነበሉ።

«የመጣሽው እኔን ለማየት ነው ሰዓቷን?»

«ሰዓቷን» አልኩ።

ከድር በክርኑ ጎሸመኝ። ሽማግሌው ግን ሳቁ። «የማትዋሽ ሰው አመጣህብኝ፣ ከድር።»

ሰዓቷ ከሣጥን ግርጌ፣ በመሐረብ ተጠቅልላ ወጣች። ከባድ ናት። ፊቷ ጥቁር ቀይ መስታወት ነው፤ ዘንግ የላትም፣ ቁጥር አይታይባትም፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ ዝም ያለች ናት። «ፈረንጁ ሲሰጠኝ በሱ አገር ሰዓት ነበረች» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ባለዘንጓን ሰዓት እኛ ግልብጡን እናነባለን። ይቺ ግን ግልባጭ የላትም፤ ያለችውን ነው የምትለው። ስለዚህ በኛው አስሞላኋት። ጠዋት መኪናዎቹ ከሰፈር ሲወጡ እጫናታለሁ። ሦስት ትለኛለች። የምታሳዩኝ ከሆነ ሦስትን አሳዩኝ።»

ጀርባዋን ከፈትኩ። የትንንሾቹ ባትሪዎች ዝቃጭ አረንጓዴ ዝገት ሆኖ ጊዜ የሚቆጥረውን ክፍል በልቶታል። ከእንግዲህ ሰዓት አትቆጥርም። ቁጥሮቹ ግን በጠራ ጉልላት ሥር፣ ከፀጉር በቀጠኑ የወርቅ ክሮች ተይዘው ተኝተዋል። እያንዳንዱ ቁጥር ሰባት ሰረዝ ነው፤ የትኞቹ እንደሚበሩ ነው ቁጥሩን የሚለየው። በቀጥታ በሽቦ ብነካቸውስ? ነጠላዬን በራሴ ላይ ደፋሁና ከሰዓቷ ጋር ጨለማ ውስጥ ገባሁ። ከከድር ድንጋዮች ሁለቱን አገናኝቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንዷን ሰረዝ ነካሁ።

በራች። ከሽፋሽፍት የማትበልጥ ቀይ መስመር ናት። ስድስት ዓመት ማንም ሳይጠይቃት ቀይነቷን ይዛ ቆይታለች። ሰባቱንም አንድ በአንድ ነካሁ፤ ሰባቱም አሉ። ከነጠላዬ ስወጣ አዴ ሎሚ ፊቴን አይተው ምንም አልጠየቁኝም፤ ተጨማሪ አንጮቴ አመጡልኝ።

ሐሙስ

ሦስት ቁጥር አምስት ሰረዝ ይፈልጋል። አምስት ሰረዝ በአንድ ጊዜ ለማብራት የደከሙት ድንጋዮች አይበቁም፤ ፀሐይ ያስፈልጋቸዋል። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሮ አደረ። ድንጋዮቹን ቆርቆሮ ላይ አስጥተን ወደ ላይ እያየን ዋልን። ከድር «ከሱቄ አዲስ ላምጣ እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። አምስት ሰዓት ላይ ደመናው ተገፈፈ። ድንጋዮቹ ለእጅ እስኪተኩሱ ጠበቅን።

ከዚያ በርና መስኮቱን ዘግተን፣ በቀዳዳዎቹ ላይ ጋቢ ሰቀልን። ሽቦዎቹን አከፋፈልኩ። የድንጋዮቹን ዋና ሽቦና አንዱን ሰረዝ እኔ ያዝኩ፤ ሁለቱን ሰረዝ ከድር፤ ሁለቱን አዴ ሎሚ። ሰዓቷን ከኦቦ ጉተማ ፊት አንድ ክንድ ያህል አራቅኳት። «ማንም አይነጋገር» አልኩ። በሰው ቤት ለባለቤቶቹ መመሪያ መስጠቴ በኋላ ነው ያሳፈረኝ።

የኔ በራ። የከድር ሁለቱ ተከተሉ። የአዴ ሎሚ ሽቦ ቦታዋን ታገኝና ትስታለች። «ትንሽ ወደ ታች፣ አዴ» ልል አፌን ስከፍት፣

«ቆይ» አሉ ኦቦ ጉተማ።

ሁላችንም ደረቅን።

«እዚያ ምንድነው ያለው?» እጃቸውን ዘረጉ። «ቀይ ነገር አለ።»

አዴ ሎሚ ሽቦዎቻቸውን ለቀው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ግን አላመንኩም። ሰዓቷ ያለችበትን ቀድመው ያውቃሉ። ከድርን በጉልበቴ ነካሁትና፣ ሽቦዎቹን ሳንለቅ፣ አብረን በዝግታ ወደ ግራ ሄድን። የሽማግሌው ጣት ወደ ግራ ተከተለን። ወደ ላይ አነሳናት። ጣቱ ተነሳ። በሕይወቴ ብዙ መብራት አይቻለሁ፤ የሰው ጣት በጨለማ ብርሃን ሲከተል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ቀይ ናት» አሉ። «ደብዝዛለች፣ ጢስ ውስጥ እንዳለ ፍም። ግን ራሷ ናት።»

አዴ ሎሚ ተነስተው በሩን በረገዱት። ብርሃኑ ሁላችንንም አጨናበሰን፤ እሳቸው ግን ጫማ ፍለጋ ላይ ነበሩ።

«አባ ቶለሳ፣ ጫማህ የት ነው?»

«ዛሬ?»

«ቃል ነው!»

«ሰዎች፣ ይህችን ሴትዮ ያዙልኝ» አሉ ኦቦ ጉተማ፤ እግራቸውን ግን ለጫማው ዘርግተው ነበር።

ዓርብ

ባልና ሚስቱ ጠዋት ቀበሌ ሄደው የይለፍ ወረቀት አወጡ። ምክንያቱ ላይ «ለሕክምና» ተጻፈ፤ እውነት ማኅተም ሲያርፍባት እንዲህ ታምራለች። ከሰዓት በኋላ አራታችንም ነቀምቴ ደረስን፤ ከድር ቤት አደርን። የተቃጠለችውን ፍሬ ጠየቅኩት። «ምን ታደርጊላታለሽ?» ቢለኝ፣ ያቃጠልኳት እኔ ስለሆንኩ እኔ ላስቀምጣት አልኩት። በጥጧ ሰጠኝ።

ቅዳሜ

ሽማግሌውና ሚስታቸው ከኋላዬ ተቀመጡ። ሰዓቷ የኦቦ ጉተማ ክንድ ላይ ታስራለች። በነቀምቴ መናኸሪያ ሊሰጡኝ ፈትተዋት ነበር። አልቀበልም ሳልል፣ እቀበላለሁም ሳልል፣ መልሼ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ።

ባኮ ኬላ ላይ ያው ጠባቂ ወጣ። ወረቀቴን አየ፤ አስታወሰኝ።

«ባለመብራቷ! ዘመድሽን አገኘሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ዘመድ የለኝም ልል ነበር፤ አይቀርም ነበር።

«አግኝታናለች» አሉ ኦቦ ጉተማ ከኋላዬ።

ጠባቂው ወረቀቱን መለሰልኝ። እስከ ጌዶ ድረስ ወደ ኋላ ዞሬ ማየት አልቻልኩም። ጌዶን ስናልፍ ኦቦ ጉተማ ትከሻዬን ነኩኝ።

«ኢንታላ ኮ። እኔ ያየሁት ቀይነቷን ብቻ ነው። ቁጥሩ አልተለየኝም። ሦስት ነበር?»

አዴ ሎሚ በዓይናቸው ለመኑኝ። እሳቸው የለቀቋቸው ሁለት ሰረዞች ካልበሩ ሦስት ሦስት አይሆንም።

«አልነበረም» አልኩ። «የመሃሉና የታችኛው ሰረዝ ጎደሉ። የበራው ሰባት ቁጥር ነው።»

ኦቦ ጉተማ የሰዓቷን ፊት በጣታቸው ዳበሱ። አውቶቡሱ አንድ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ።

«ያኔ ስንት ሰዓት ነበር?»

ማንም እስካሁን አላሰበውም ነበር። ደመናው የተገፈፈው በአምስት ሰዓት ነው፤ ድንጋዮቹ ሁለት ሰዓት ሞቀዋል። በሩን ስንዘጋ የእጄን ሰዓት አይቻለሁ፤ ሁሌም አያለሁ።

«ሰባት» አልኩ። «ልክ ሰባት ሰዓት ነበር።»

«ታዲያ ሞታለች የምትሏት ስለምንድነው?» አሉና ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ተቀመጡ።

አሁን ሆስፒታል ተኝተው ተራ እየጠበቁ ነው፤ ሰዓቷን አልፈቱም። የተቃጠለችው ፍሬ አሥራ ዘጠነኛው ክፍል ገብታለች፤ «በእጄ የጠፋች» ተብሎ ተጽፎባታል። አሥራ ስምንተኛው ባዶ ነው፤ ወረቀቱን ግን አላነሳሁትም፣ ሞላሁት እንጂ፦ «የእጅ ሰዓት፣ ቀይ ቁጥር፣ ጊምቢ። ያለችበት ቦታ፦ ባለቤቷ ክንድ ላይ። ትበራለች። ሰዓት ተናግራለች፤ አንድ ጊዜ፣ በትክክል።»